ብሩሼን ከጭስ ማውጫው ላወጡልኝ ጋሼ

ዘንጉን ሳብኩት። ወጣ። ጫፉ ላይ ግን ብሩሹ የለም።

ምድጃው ፊት ተንበርክኬ ወደ ላይ አንጋጠጥኩ። ያተረፍኩት ዓይኔ ውስጥ የገባ ጥላሸት ብቻ ነው። ብሩሹ ጭስ ማውጫው መሃል ተቀርቅሮ ቀርቷል። ይህን የምጽፈው ከዚያ ጉድ ያወጡኝን ጭስ ማውጫ ጠራጊ ለማመስገን ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ አይፈልጉም፤ እኔም "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ማስጠረጊያው ውድ መስሎ ታየኝ። "አንድ ሰዓት ብሩሽ ለማሽከርከር ይህ ሁሉ ገንዘብ?" አልኩ። ሒሳቤ እንዲህ ነበር፦ ዘንግና ብሩሽ አንዴ ይገዛል፣ ለዓመታት ያገለግላል፣ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ትርፍ ነው። ሒሳቡ አሁንም ስህተት አይመስለኝም። ሒሳቡ ውስጥ ያልገባሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ብሩሽ ሰፋ፣ አልገባም። ሁለተኛው ልኩ ልክ ነው፤ ግን የሽቦ ነው። የኔ ጭስ ማውጫ ውስጡ የማይዝግ ብረት ቱቦ አለው። ሽቦ ይቧጭረዋል። ለሱ የሚሆነው የፕላስቲክ ነው፤ የሽቦው ለሸክላ ነው አሉ። ይህን ያወቅኩት ሁለቱን ከገዛሁ በኋላ ነው። ሦስተኛውን ገዛሁ። ከዚያ የወረደውን ጥላሸት በቤቱ ቫኪዩም ለመሰብሰብ ሞከርኩ። ጥላሸት በጣም ደቃቅ ነው፤ በአፉ የገባው በጀርባው ተመልሶ ወጣ። መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ ግድግዳው፣ ሁሉም ጠቆረ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔን ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ነው እንግዲህ ብሩሹ የቀረው። የሞተውን ቫኪዩምና የምንጣፉን እጥበት ትቼ ብደምረው እንኳ፣ ማስጠረጊያውን አልፎታል።

ብሩሹ እንደቀረ መጀመሪያ የጠራሁት ሌላ ሰው ነበር። በስልክ የነገረኝ ዋጋ ለማመን የሚከብድ ርካሽ ነው። ቤት ከገባ በኋላ ግን በባትሪ አንዴ ቃኘት አደረገና "ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት" አለኝ። አሳየኝ ስለው ተቆጣ። ሸኘሁት።

ጋሼ ጋር ስደውል ወደ ዋጋ አልሄዱም። ይጠይቁኝ ጀመር። ርዝመቱ ስንት ሜትር ነው? መታጠፊያ አለው? መጨረሻ የተጠረገው መቼ ነው? የምታነደው እንጨት ምን ያህል ደርቋል? ዋጋውን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው ለካ። ጣሪያ ላይ መውጣት ካለ ደግሞ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ቁርጡን ነገሩኝ። ለብሩሹ ማውጫ ስንት እንደጨመሩም ለይተው አስረዱኝ። ሲጨርሱም የተቀበሉኝ ያንኑ ነው።

ከረዳታቸው ጋር መጡ። ወለሉን በሸራ አለበሱት፤ የምድጃውን አፍ በጨርቅ ዘግተው ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ብቻ ተዉ። ጫፉ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ብረት ዘንጉ ላይ ገጥመው ወደ ላይ ሰደዱት። ቀስ አድርገው አዞሩት። ብሩሼን ነክሶ ወረደ።

"ልጄ፣ ወደ ግራ ነው ያዞርከው አይደል?" አሉኝ።

ዘንጎቹ እርስ በርስ በጥርስ የሚገጠሙ ናቸው። ወደ ቀኝ ስታዞራቸው ይጠብቃሉ። ወደ ግራ ስታዞራቸው እዚያው ላይ ይፈታሉ። በቃ፣ ሚስጥሩ ይኸው ነው።

ሥራው ግን ገና መጀመሩ ነበር። ምድጃው ውስጥ፣ ከእሳቱ በላይ፣ ጭሱን የሚጋርድ አንድ ሳህን አለ። እኔ መኖሩንም አላውቅም። ጋሼ ሲያወጡት የጠረግኩት ጥላሸት አብዛኛው እላዩ ላይ ተቆልሏል። ጭሱ የሚያልፍበት ክፍተት የቀረው ሁለት ጣት ያህል ነው። በዚያ ላይ እሳት ባነድ ጭሱ ወደ ቤት ይመለስ ነበር፤ ከሱ ጋር ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ገዳይ ጋዝ። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። "ጠቋሚ መሣሪያ አለህ?" አሉኝ። አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

ቀጥለው ከቱቦው የወረደውን መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። ጥቀርሻ ሦስት መልክ አለው። አንደኛው ዱቄት ነው፤ ማንም ይጠርገዋል። ሁለተኛው ጠንከር ያለ ጥቁር ቅርፊት ነው፤ የኔ ይሄ ነበር። ሦስተኛው እንደ ሬንጅ ቀልጦ የደረቀ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። እሱን ተራ ብሩሽ አይነካውም። ቱቦው ውስጥ እሳት ከተነሳ የሚነደው ጥቀርሻው ነው፤ ሙቀቱም ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል።

"ከየት መጣ?" አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ከእንጨቴ ሁለት ፍልጥ አንስተው አጋጩ። የታፈነ ድምፅ ሰጠ። "ደረቅ እንጨት ሲጋጭ ይጮሃል" አሉ። በመለኪያቸው ወጉት፤ እርጥበቱ 30 በመቶ አለፈ። ከ20 በታች መሆን ነበረበት። በዚያ ላይ እኔ ሌሊቱን እንዲያድር ብዬ አየር ማስገቢያውን ጥርቅም አደርገዋለሁ። እሳቱ ይታፈናል፣ ጭሱ ቱቦው ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጥቀርሻውን በገዛ እጄ ሳመርት ነበር የከረምኩት።

ጠርገው ሲጨርሱ ካሜራ ሰደዱ፤ ስክሪኑንም ወደኔ አዞሩልኝ። ስንጥቅ የሚባል ነገር የለም። ያኛውን ሰውዬ አስታወስኩት።

የወደድኩላቸው ነገር ግን ሌላ ነው። "ያንተ ቱቦ ቀጥ ያለ ነው። በየመሃሉ ራስህ ጥረገው፤ ጥቀርሻው 3 ሚሊ ሜትር ከሞላ አትዘግይ። በዓመት አንዴ ግን ባለሙያ ይየው" አሉኝ። ሳህኑ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚመለስ ሁለቴ አስወጥተው አስመለሱኝ። የራሳቸውን ገበያ እየቀነሱ እኮ ነው! መታጠፊያ ያለበትን፣ ጣሪያ የሚያስወጣውንና ያንን የሚያብረቀርቀውን ጥቀርሻ ግን እንዳልሞክረው አስጠነቀቁኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥራ ሲጀምሩ ያጠለቁትን ጭንብል ዕቃቸውን እስኪሰበስቡ አላወለቁም። የበዛ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ፣ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1775 ጭስ ማውጫ በሚጠርጉ ሰዎች ላይ የሚታየውን ካንሰር ከጥላሸት ጋር አያይዞ ጽፏል። እኔ በዚያን ቀን አፌን የሸፈንኩት በሸሚዜ ክንድ ነበር።

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ዘንጌ ላይ በቀይ ፕላስተር የለጠፉልኝ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት አሁንም አለ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት ግን የጭስ ማውጫችሁን ርዝመት ለክታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።