ለግቢ ከለላ፦ ባህር ዛፍ ወይስ የፈረንጅ ጥድ?

ደብረ ብርሃን ላይ ግቢውን ከሰው ዓይን መከለል የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ባህር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ግን ሽቅብ ሲመዘዝ የታች ቅርንጫፉን ይጥልና ከለላው በሚፈለግበት በሰው ቁመት ላይ ግንድ ብቻ ይቀራል፤ የተሰጣ ልብስህ ሳይቀር ከመንገድ ይታያል። ውሃውንም ይመጥጣል፣ አጠገቡ ጎመን እተክላለሁ ካልክ እርሳው። ለማገዶና ለአጠና ከሆነ ከቤት ራቅ አድርገህ ትከለው።

ለከለላ እኔ ጥዱን ነው የምለው። ቀስ ይላል፣ እውነት ነው። ጠጋ ጠጋ አድርገህ ተክለህ በየጊዜው ከከረከምከው ግን ከሥር እስከ ላይ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ይወጣዋል። ብቻ አረንጓዴውን አልፈህ ቡናማው እንጨት ድረስ አትቁረጠው፣ እዚያ ጋ መልሶ አይለመልምም።