የዲሲ የሰፈር ኮሚሽን (ኤኤንሲ)፦ ከ5 ኮከብ 4

እማማ ዜብራውን ሲሻገሩ ቆሜ አየሁ። መብራቱ እንደበራ ተነሱ። ምርኩዛቸውን እየተከሉ መሐል መንገድ ሲደርሱ መብራቱ ላይ የሚቆጥረው ሰከንድ 0 ሆነ። መኪናው ጥሩንባውን ለቀቀባቸው። ደንግጠው እዚያው ቆመው ቀሩ። ሮጬ ደግፌ አሻገርኳቸው።

ወደ ኤኤንሲ ያስገባኝ ይሄ ነው። ሙሉ ስሙ አድቫይዘሪ ኔይበርሁድ ኮሚሽን ነው። በዋሽንግተን ዲሲ በየሰፈሩ አለ። የመጀመሪያዎቹ ኮሚሽነሮች የተመረጡት በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ኮሚሽነር ወደ 2,000 የሚሆን ነዋሪ ይወክላል። ዘመኑ 2 ዓመት፣ ደመወዙ ባዶ።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከፓርኪንግ ሥራ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ነበር። በር ላይ መታወቂያ የጠየቀኝ የለም። ያኔ ግሪን ካርድ ብቻ ነበረኝ፤ ስለሱም ማንም አላነሳብኝም። የምናገረውን ካርቶን ላይ በአማርኛ ጽፌ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ገልብጬዋለሁ። ተራዬ ሲደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ። ጨርሼ ልቀመጥ ስል አንዷ ኮሚሽነር እስክሪብቶዋን አንስታ «የትኛው ማዕዘን ላይ?» አለችኝ። በዚህ አገር ገና አፌን ስከፍት የለመድኩት ጥያቄ «ከየት ነህ?» የሚለው ነው። የማዕዘኑን ስም ስነግራት ጉሮሮዬን ሳግ ያዘኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ሰጥተው ደብዳቤ ላኩ። የዚህ ቤት ትልቁ ጉልበት ደብዳቤው ነው። ኮሚሽኑ ማዘዝ አይችልም፣ ይመክራል። ግን የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ለምክሩ ትልቅ ክብደት እንዲሰጡ ሕጉ ያስገድዳል። ካልተቀበሉት ምክንያታቸውን በጽሑፍ ማስረዳት አለባቸው። ስለዚህ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ አያድርም። ከወራት በኋላ መብራቱ ላይ ሰከንድ ተጨመረ። እማማ ወዲያ ማዶ ደርሰው ዞር አሉና «ልጄ፣ ዛሬስ ደረስኩ!» አሉኝ።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በሰዓቱና በቋንቋው ነው። ስብሰባው የእኛ ሰው ታክሲ ላይና ሬስቶራንት ውስጥ በሚሯሯጥበት ምሽት ላይ ይውላል። ስለ አንድ የመጠጥ ፈቃድ ብቻ ረጅም ሰዓት ይወራል። «ዞኒንግ»፣ «ቫሪያንስ» እያሉ ሲቀጥሉ አዲስ ሰው ግራ ይገባዋል። ከተማዋ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አላት፣ አማርኛም ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ የሚፈልግ ሰው ግን ቀደም ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ዝም ብሎ ሄዶ አስተርጓሚ እጠብቃለሁ ማለት አይሆንም።

ዜግነቴን እንዳገኘሁ እኔም ለመወዳደር ወሰንኩ። የሚያስፈልገው የ25 ሰው ፊርማ ነው፤ ፈራሚዎቹ ኮሚሽነሩ በሚወክለው ሰፈር የተመዘገቡ መራጮች መሆን አለባቸው። ሳይመዘገብ የሚፈርም ስለማይጠፋ 41 ሰበሰብኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ አባት በሩን ገርበብ አድርገው «ቀበሌ ነው እንዴ?» አሉኝ። ፍርሃታቸው ገብቶኛል። «አባባ፣ መታወቂያ አይሰጥም፣ ስኳር አያከፋፍልም፣ ማንንም አይጠራም» አልኳቸው። ስለ ኦባላ ኦባላም ነገርኳቸው። ጋምቤላ ተወልዶ፣ ዓመታት ኬንያ ስደተኛ ካምፕ ኖሮ፣ በ2020 የኦስቲን ሚኒሶታ ከተማ ምክር ቤት ተመረጠ። ዜግነት ካገኘ ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ሊያመጡ ገቡ። ፈረሙልኝ።

አሁን ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነው የምቀመጠው። ስልኬ ማታ ማታ ይጮሃል፦ ቆሻሻ አልተነሳም፣ የመንገድ መብራት ጠፍቷል፣ አከራይ ማሞቂያ አልጠገነም። ብዙውን ወደ 311፣ ወደ ከተማዋ የአገልግሎት ስልክ፣ እመራዋለሁ፣ የአቤቱታውን ቁጥር እይዛለሁ፣ እስኪሠራ እከታተላለሁ። ይደክማል። ግን እወደዋለሁ።

ዲሲ የምትኖሩ ሁሉ አንድ ምሽት ሄዳችሁ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወረቀት ገና ያላገኛችሁም ጭምር። በ2024 የከተማዋ ምርጫ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችም ድምፅ ሰጥተዋል። እማማ እስካሁን ግሪን ካርድ ላይ ናቸው። የዚያን ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ክንዴን ይዘው ወጡ። ምርጫ ጣቢያው ከዚያው መብራት ማዶ ነበር። ቁጥሩ 6 ላይ ሲደርስ ተሻግረን ጨርሰናል።