ለሚጠጣ ሰው አሚትሪፕቲሊን ወይስ ፍሉኦክሰቲን?

ሁለቱም የድብርት መድኃኒት ናቸው፣ ግን ማታ ማታ አረቄ የማያጣ ሰው ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ጠባያቸው ለየቅል ነው።

አሚትሪፕቲሊን ራሱ ያስተኛል፣ ለዛም ነው ማታ የሚዋጠው። በደህና ቀን ከአንጀት ሲመጣ ጉበት የተወሰነውን ሰባብሮ ነው ወደ ደም የሚለቀው፣ የዛን ቀን ከተጠጣ ግን ጉበቱ በአልኮሉ ስለሚያዝ ብዙው ሳይነካ ያልፋል፣ ያቺው 25 ሚሊግራም ትልቅ ዶዝ ሆና ቁጭ፣ ሰውየው ለሽንት ሲነሳ ግድግዳ ይዞ ነው። የሚገርመው ለአመታት የጠጣ ሰው ጉበት ደሞ መድኃኒት የሚሰባብር ኢንዛይም ያበዛና ባልጠጣበት ቀን መድኃኒቱን ቶሎ ሊያስወግደው ይችላል፣ "አልሰራልኝም" ብሎ በራሱ የሚጨምር አለ እኮ! ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ሆኖ መጠንከሩ) ከመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ መድኃኒቱ ይጠራቀማል፣ ሲበዛ የልብ ምት ስለሚያዛባ ቀልድ አይደለም።

ፍሉኦክሰቲን ጠዋት ነው፣ ብዙ ጊዜ 20 ሚሊግራም። ጉበት ከሰበረው በኋላ የሚቀረው ራሱ ይሰራል፣ ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጃል፣ ስለዚህ የአንድ ምሽት ሞቅታ በደም ያለውን መጠን ብዙም አያናጋውም። ለጠጪ ምረጥ ብባል እሱን ነበር የምለው፣ ሀኪሙ መጠጡን በትክክል ካወቀ ማለት ነው ("አልፎ አልፎ" ተብሎ በየቀኑ ሶስት መለኪያ አይደለም)። ሲሮሲስ ካለ እሱም ስለሚዘገይ ዶዙ መቀነስ አለበት፣ ጨጓራው የሚደማ ሰው ላይ ደሞ ከአልኮሉ ጋር ተደርቦ መድማቱን ያባብሰዋል።