ረቡዕና አርብ ብቻ የሚሠራ የበርገር «ቅናሽ»፦ እንዳትሸወዱ

ከኮንዶሚኒየማችን ሥር አዲስ በርገር ቤት ተከፍቷል። በሩ ላይ «አንዱን ሲገዙ አንዱ በነጻ!» የሚል ትልቅ ባነር ሰቅሏል፣ ዋጋው 600 ብር። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ባነር እየበዛ ስለሆነ፣ እናንተም ሰፈር ካለ ከመግባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ቅዳሜ ማታ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ስናዝዝ «አንዱ በነጻ ነው አይደል?» ብለን ጠይቀናል፤ «እሺ» ተብለናል። ቢሉ ሲመጣ 1,518 ብር ይላል።

ለካ ቅናሹ የሚሠራው ረቡዕና አርብ ብቻ ነው። ረቡዕና አርብ! የበሬ ሥጋ በርገር፣ ግማሹ ሰፈር በሚጾምበት ቀን። ወጥቼ ባነሩን አየሁት። እውነትም ታች ጥግ ላይ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። ይህን ያሰበው ሰው መቼም ጭንቅላት አለው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሁለት በርገር 1,200 ብር። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 1,320። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ 198 ብር። ቫቱ የተሰላው ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ 600 የተባለው በርገር 759 ብር ገባ ማለት ነው።

እሱንስ ለምደነዋል። እኔን ያናደደኝ ደረሰኙ ነው። የማሽን ደረሰኝ ስንጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተባልን። ማሽን ቢበላሽ እኮ ፈቃድ ያለው የእጅ ደረሰኝ አለ። የተሰጠን ግን ከተራ ፓድ የተቀደደ ወረቀት ነው። ቲን ቁጥር የለው፣ ምን የለው። 198 ብራችን መንግሥት ጋ ይድረስ አይድረስ እንጃ። ደረሰኙን ሳታዩ በቴሌብር እንዳትልኩ።

ችፕሱ ትኩስና ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። ሥጋው ግን መሃሉ ቀይ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ሚዲየም ነው» አለን። ቁርጥ የሚበላ ሕዝብ ይሄ ምኑ ያስፈራዋል ትሉ ይሆናል። ቁርጥ ሙሉ ሥጋ ነው፤ ባክቴሪያ ቢኖርበት በአብዛኛው ላዩ ላይ ነው (ኮሶውን ለጊዜው እንተወው)። ሲፈጭ ግን የላዩ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው የተፈጨ የበሬ ሥጋ መሃሉ ድረስ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ የሚባለው። ክትፎ ስንበላ ቢያንስ ሥጋ ቤቱን እናውቀዋለን። ይሄኛው መቼ ተፈጭቶ ፍሪጅ እንደገባ ማን ያውቃል?

ፕሮቴስታንት ጎረቤታችን አርብ ሄዶ ቅናሹን አግኝቷል። በነጻ የመጣው በርገር ሥጋው ከተከፈለበት በግማሽ የሳሳ ነው አለኝ።

መሄዳችሁ ካልቀረ፣ ከማዘዛችሁ በፊት «ዛሬ ቅናሹ ይሠራል? ሁሉም ተጨምሮ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ወረቀት ላይ አስጽፉ። ሥጋው በደንብ ይብሰል በሉ። አስተናጋጆቹን ግን አትቆጡ፤ ባነሩን የሰቀሉት እነሱ አይደሉም።