የቸርችል ዳገትና ክሩዘር ሞተሬ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ሞተሯን የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። 150 ሲሲ፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ)፣ ዝቅ ያለች ክሩዘር። ገና ሳያት ወደድኳት። ዘንድሮ ስንት ሰው "ይህን ብር ለዚህ?" እንዳለኝ አልቆጥርም። እኔ አልጸጸትም። አንድ ነገር ግን እስካሁን ያናድደኛል።

በገዛኋት በሦስተኛው ሳምንት እህቴን ከኋላ ጭኜ ከለገሃር ወደ ፒያሳ ወጣሁ። እስከ ጥቁር አንበሳ ደህና መጣን። ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ ግን አቃሰተች። ሦስተኛ ማርሽ አልገፋ አለ። ሁለተኛ አስገባሁ፣ እሱም አልበቃም። ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት እየታየን፣ ሚኒባስ ከኋላ እየጮኸብን፣ በአንደኛ ማርሽ ተንፏቀን ወጣን። እህቴ "ልውረድልህ እንዴ?" አለችኝ። ልቤ ተሰበረ።

ሻጩ ጋ ተመለስኩ። "አዲስ ስለሆነች ነው፤ ስትላመድ ትከፍታለች" አለኝ። 1,000 ኪሎ ሜትር አለፈ፣ 2,000 አለፈ። ምንም ለውጥ የለም። ቤንዚን ግን ትጠጣለች። ማርሚታዋም ጥቁር ጭስ ይተፋል።

ነገሩ የገባኝ ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ውስጥ ነው። መካኒኩ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላዋን ፈትቶ አሳየኝ። ከሰል መስላለች። "አየር አጥታ ነው" አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ደግሞ ይህን አያውቅም። ለቆላ የተለካውን ቤንዚን እዚህም ያንኑ ያህል ይለቃል። ቤንዚኑ ሳይቃጠል ይተርፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። በካርቡሬተር ፈንታ ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ ለክቶ የሚረጭ) ያላቸው ሞተሮች ግን በሴንሰር ራሳቸው ያስተካክላሉ።

መካኒኩ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን የነሐስ ቁራጭ ቀዳዳዋ በጠበበ ለወጣት። 110 የሚል ቁጥር ነበረባት፤ 100 ገባ። የፊተኛውን የካቴና ጥርስም ከ15 ወደ 14 አወረደው። የሳሳ አየር የወሰደውን ጉልበት ማንም አይመልሰውም፤ እሱም ይህን አልደበቀኝም። ጥርሱ ሲያንስ ግን ዳገት ላይ ትበረታለች፣ ፍጥነቷ ትንሽ ይቀንሳል። መሃል ከተማ ውስጥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ማን አለ?

ወንድሜ ሻጩ፣ አንተን የምጠይቅህ ይህን ነው። ሱቅህ ያለው አዲስ አበባ ነው። ደንበኛህ የሚነዳው አዲስ አበባ ነው። ከማስረከብህ በፊት ይቺን ቁራጭ መቀየር ምን ያስቸግርሃል? "መቶ ሃምሳ ሲሲ ነው፣ የትም ይወጣል" ብለህ ስትምልልኝ እንጦጦን አስበኸው ታውቃለህ? እሱ እኮ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው!

ሌላው ሌላው ደህና ነው። ፍሬኗ ይይዛል። መቀመጫዋ ዝቅተኛ ስለሆነ መብራት ላይ ሁለቱም እግሮቼ አስፋልቱን ሙሉ በሙሉ ይረግጣሉ። ለእኔ ቁመት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ረጅም ስለሆነች በመኪና መሃል መጠምዘዝ ይከብዳታል፣ እሱን ለምጄዋለሁ። የምትገዙ ካላችሁ ግን ካርቡሬተር ይሁን ኢንጀክሽን ከዋጋው በፊት ጠይቁ።

ባለፈው ቅዳሜ እህቴን ጭኜ ያንኑ ዳገት ወጣሁ። ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ማዘጋጃ ቤት በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳትንተፋተፍ። እህቴ ስለ ዳገቱ ምንም አላለችም። እስከ ላይ ድረስ ምሳ የት እንደምንበላ ነበር የምታወራኝ።