«እጅሽን ከኪቦርዱ ላይ አንሺ» ላሉኝ ጋሼ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ኮድ እየጻፋችሁ ተርሚናል ላይ በኤረር የምትጨነቁ ካላችሁ ደግሞ ለእናንተ ለመጠቆም። ሰውየው «ስሜ አይጻፍ» ብለውኛል። ስለዚህ ሁልጊዜ እንደምጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ብዙ ዘመናቸውን ሰርቨር ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን በቪዲዮ ጥሪ ፕሮግራመሮችን ያግዛሉ። ክፍያቸውን ሥራ ሳይጀምሩ ይነግሯችኋል። ከተናገሩት በላይ ጠይቀውኝ አያውቁም።

እኔ ያገኘኋቸው በጣም በጨነቀኝ ማታ ነው። ለሦስት ሳምንት ብቻዬን፣ ጊት በሚባለው የኮድ ለውጥ መዝጋቢ ፕሮግራም ውስጥ፣ አንድ ብራንች (ራሱን የቻለ የሥራ መስመር) ላይ ስሠራ ቆይቻለሁ። በየቀኑ ኮሚት አደርጋለሁ (ሥራውን ጊት ውስጥ እመዘግባለሁ)፤ ግን ወደ ሰርቨር ፑሽ አላደረግኩም (አልላክሁም)። የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ ልሰርዝ ብዬ፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን የጊት ሪሴት ኮማንድ፣ ፋይሎቹንም ጭምር ወደ ኋላ ከሚመልሰው «ሃርድ» ከሚለው አማራጭ ጋር፣ ኮፒ ፔስት አደረግኩ። ኮማንዱ ሥራውን ወደ ጀመርኩበት ቀን መለሰኝ። ፎልደሩን ስከፍተው የሦስት ሳምንት ፋይሎቼ የሉም። እጄ ተንቀጠቀጠ። ፎልደሩን አጥፍቼ ከሰርቨሩ እንደገና ክሎን ላደርግ (ልቀዳ) ስል ጓደኛዬ «ቆዪ፣ መጀመሪያ እኚህን ሰው አናግሪ» ብሎ አገናኘኝ።

«ልጄ፣ እጅሽን ከኪቦርዱ ላይ አንሺ። ምንም ነገር አትንኪ።» ከሰላምታ ቀጥሎ ያሉኝ ይህን ነው።

ሦስት ሳምንቴን ያተረፈልኝ ያ ቃል ነው። በኋላ እንዳስረዱኝ፣ ሪሴት ሲደረግ ጊት ኮሚቶቹን ወዲያው አይሰርዝም። ብራንቹ የሚያመለክተውን ቦታ ብቻ ያዛውራል። ኮሚቶቹ እዚያው ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀምጠዋል። የት የት እንደነበርኩ የሚይዝ ሪፍሎግ የሚባል መዝገብም አለ። ይህ መዝገብ ወደ ሰርቨር አይላክም። የሚገኘው በዚያው ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው። ፎልደሩን አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ መዝገቡም ኮሚቶቹም አብረው ይሄዱ ነበር። መዝገቡም ቢሆን ዕድሜ አለው። ሴቲንጉን ካልቀየራችሁት በቀር፣ ብራንቹ አሁን ካለበት ቦታ ተነስቶ የማይደረስባቸው ኮሚቶች መዝገብ 30 ቀን ይቆያል፤ የሚደረስባቸው ደግሞ 90 ቀን።

ጊት ሪፍሎግ ብዬ እንድጽፍ አዘዙኝ። ረጅም ዝርዝር ወረደ። «የመጨረሻው ኮሚትሽ ላይ ምን ብለሽ ጽፈሽ ነበር? እሱን ፈልጊ» አሉኝ። አገኘሁት። አጠገቡ ያለውን የፊደልና የቁጥር መለያ ይዤ ከዚያ ላይ አዲስ ብራንች ከፈትኩ። ፋይሎቼ ተመለሱ። አለቀስኩ። ጋሼ እስክረጋጋ ድረስ ዝም ብለው ጠበቁኝ።

አንድ ያልተመለሰ ነገር ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጽፌ ኮሚት ያላደረግኩት። «እሱ የለም ልጄ። ጊት አድ እንኳ (ለኮሚት ማዘጋጀቱን) አድርገሽው ቢሆን እንፈልገው ነበር» አሉኝ። ተስፋ እየሰጡ ሰዓት ሊቆጥሩብኝ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ያን ጊዜ ነው ያመንኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመላልሼባቸዋለሁ። አሠራራቸው አይለወጥም። ከርቀት ሆነው ኮምፒውተሬን መቆጣጠር ይችላሉ፤ ግን አይነኩትም። የምጽፈው እኔ ነኝ። እሳቸው ስክሪኔን እያዩ «ኤረሩን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» ይላሉ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። መጀመሪያ ሰሞን ትዕግሥቴን ይፈትነኝ ነበር። አሁን ግን ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ለዚህ ነው። ኤረር ሲመጣ ብዙዎቻችን ቀዩን እናያለን እንጂ አናነብም። ፓይተን ሲሆን ከታች ጀምሪ ይሉኛል። የመጨረሻው መስመር ምን እንደተበላሸ ይናገራል፤ ከሱ በላይ ያሉት ደግሞ የት እንደተበላሸ። የሲ ኮድ ኮምፓይል ሲደረግ ግን ከላይ ነው የሚጀመረው። አንዲት የተረሳች ሴሚኮለን ከሥሯ ብዙ ኤረር ልታመጣ ትችላለች። የመጀመሪያው ሲስተካከል ሌሎቹ ብዙ ጊዜ አብረው ይጠፋሉ።

ሥራን በተወሰነለት ሰዓት በራሱ የሚያስኬደውን ፕሮግራም፣ የክሮኑን ነገር ልንገራችሁ። ሌሊት ሌሊት የሚሠራ የባክአፕ ስክሪፕት ጽፌ ነበር። በእጄ ሳስኬደው ይሠራል። ክሮን ሲያስኬደው ምንም የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ስክሪፕቱን ሳገላብጥ ከረምኩ። ጋሼ ስክሪፕቱን ክፈችው እንኳ አላሉኝም። «አንቺ የምታዪውን ክሮን አያይም» አሉኝ። ከዚያ ክሮን ራሱ የኢንቫይሮንመንቱን (ፕሮግራም ሲነሳ የሚያገኛቸውን ሴቲንጎች) ዝርዝር ወደ ፋይል እንዲጽፍ አስደረጉኝ። የኔንም በሌላ ፋይል አስጻፉኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው ነገሩ ግልጽ ሆነ። የኔ ፓዝ (ፕሮግራም የሚፈለግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ረጅም ነው። የክሮን ግን ሁለት ፎልደር ብቻ ይዟል። እኔ የጫንኩት ፕሮግራም ከሁለቱ በአንዱም ውስጥ የለም። ሼሉ (ኮማንዳችሁን የሚቀበለው ፕሮግራም) የኮማንድ ስም ብቻ ስትሰጡት የሚፈልገው ፓዝ ላይ በተዘረዘሩት ፎልደሮች ነው። «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ሲል ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ ላይ ጨርሶ የለም ማለቱ ላይሆን ይችላል። ፈልግ በተባልኩባቸው ቦታዎች አላገኘሁትም እያለ ነው። የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ስክሪፕቱ ውስጥ ጻፍኩ። ውጤቱም ኤረሩም ሎግ ፋይል ውስጥ እንዲገባ አደረግኩ። በዚያው ሌሊት ሠራ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ የጻፍኩት ስክሪፕት ሊኑክስ ሰርቨር ላይ «ኖ ሰች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ» አለኝ። ፋይሉ ግን ዓይኔ እያየው እዚያው አለ። ጋሼ መልእክቱን ሙሉውን ሲያስነብቡኝ ስክሪፕቱን ከሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ከባሽ፣ ስም ቀጥሎ የተጣበቀች አንዲት ትርፍ ምልክት አየሁ። ዊንዶውስ መስመር ሲጨርስ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ያስቀምጣል፤ ሊኑክስ አንድ። ትርፏ ምልክት ከባሽ ስም ጋር ስለተጣበቀች ሲስተሙ በዚያ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ሲፈልግ ነበር። የሌለው የኔ ፋይል ሳይሆን እሱ ነው። ሁለት ምልክት የመጠቀም ልማድ የመጣው ከድሮው የቴሌታይፕ ማሽን እንደሆነም ነገሩኝ። አንደኛው የሚጽፈውን ክፍል ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል፤ ሁለተኛው ወረቀቱን አንድ መስመር ያሳልፋል። ይህን ከሰማሁ በኋላ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ዶስ ቱ ዩኒክስ በሚባለው ኮማንድ ፋይሉን አስተካከልኩት፤ አለቀ።

«ፐርሚሽን ዲናይድ» ሲመጣ ለፋይሉ 777 የሚባለውን የፈቃድ ቁጥር መስጠት ይቀናኝ ነበር። ያስቆሙኝ እሳቸው ናቸው። 777 ማለት ሲስተሙ ላይ ላለ ተጠቃሚ ሁሉ ማንበብ፣ መጻፍና ማስኬድ መፍቀድ ነው። ሰርቨር ውስጥ ከርቀት የሚገባበት የኤስኤስኤች የግል ቁልፍ እንዲያውም ከባለቤቱ ሌላ ሰው ሊያነበው በሚችልበት ሁኔታ ከተቀመጠ ፕሮግራሙ ራሱ አልጠቀምበትም ይላል። 600 (ባለቤቱ ብቻ እንዲያነብና እንዲጽፍ የሚፈቅደው) ይበቃዋል።

ለማን እንደማይሆኑም ልናገር። «ሠርተው ይስጡኝ» ለሚል ሰው አይሆኑም። የትምህርት ቤት አሳይንመንትም አይሠሩም። የዌብሳይት ገጽታ ሥራ ይዤባቸው ስሄድ «ይሄ የኔ ሙያ አይደለም፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ» ብለው በነጻ ሸኝተውኛል። መልስ ለመስጠት አንዳንዴ አንድ ቀን ይቆያሉ። የሚቸኩል ነገር ካላችሁ ይህን አስቡበት።

እንዳገናኛችሁ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁን አዘጋጅታችሁ ብትመጡ ጊዜም ገንዘብም ይተርፍላችኋል። ምን ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደምትጠቀሙ። የጻፋችሁትን ኮማንድ እንዳለ። ኤረሩን ደግሞ በፎቶ ሳይሆን በጽሁፍ፣ ከላይ እስከ ታች። ችግሩ ከመምጣቱ በፊት መጨረሻ ላይ የቀየራችሁት ምን እንደሆነ። ይሄኛውን ጥያቄ በደንብ አስቡበት፤ እኔ መልሱን ስጽፍላቸው ችግሩን ራሴ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ፓስዎርድና የኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራም ሌላ አገልግሎት የሚጠቀምበት ሚስጥራዊ ኮድ) ካለበት ሳትልኩ በፊት አውጡት። ካልሆነ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እሱን በመቀየር ያልፋል።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፣ ያ ከሪፍሎግ ያወጣነው ብራንች ዛሬ ሰዎች በየቀኑ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ሆኗል። በየማታው ፑሽ አደርጋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።