ምላጭ፣ መቀስ ወይስ ማበጠሪያ? የሂውማን ሄር ምንጮች ንጽጽር

ሂውማን ሄር፣ ማለትም ከሰው ራስ የተወሰደ የቅጥያ ፀጉር የሚሸጥበት ሱቅ የገባች ሴት በመጀመሪያ የምታነበው የአገር ስም ነው። ብራዚል፣ ፔሩ፣ ማሌዥያ፣ ሞንጎሊያ የሚሉ ጽሑፎች በየማሸጊያው ላይ ይታያሉ፤ ዋጋውም እንደ ስሙ ከፍና ዝቅ ይላል። እነዚህ ስሞች ግን በአብዛኛው የሚናገሩት ፀጉሩ የበቀለበትን አገር ሳይሆን በእንፋሎት እንዲይዝ የተደረገውን ቅርጽ፣ ማለትም ሞገዱን፣ ጥቅሉን ወይም ልስላሴውን ነው። ለገበያ የሚቀርበው የሰው ፀጉር በብዛት የሚሰበሰበው በሕንድና በቻይና ሲሆን፣ ቬትናም፣ ካምቦዲያ፣ ምያንማርና ባንግላዴሽ ይከተላሉ፤ በተፈጥሮው ቀላ ያለ ፀጉር ደግሞ ከሩሲያና ከዩክሬን ይመጣል። «8ኤ»፣ «10ኤ»፣ «12ኤ» የሚባለው ደረጃም ቢሆን የሚቆጣጠረው አካል የለም፤ እያንዳንዱ ሻጭ ለራሱ ዕቃ የሚሰጠው ቁጥር በመሆኑ የአንዱ ሱቅ 12ኤ ከሌላው ሱቅ 8ኤ ሊያንስ ይችላል።

ስለዚህ ለገዢ የሚጠቅመው ጥያቄ ፀጉሩ ከባለቤቱ ራስ ላይ በምን ወረደ የሚለው ነው። መልሱ ከሦስት አያልፍም፤ በምላጭ፣ በመቀስ ወይም በማበጠሪያ። የቅጥያ ፀጉር ዕድሜ፣ ዋጋና የሻጩ ሐቀኝነት በአብዛኛው የሚለካው በዚህ ነው።

በምላጭ የሚወርደው ፀጉር የስለት፣ ማለትም ለአምላክ በተገባ ቃል የሚሰጥ ፀጉር ነው። በደቡብ ሕንድ፣ በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት፣ በቲሩማላ ተራራ ላይ ወደሚገኘው የሂንዱ አምላክ የቬንካቴስዋራ ቤተ መቅደስ የሚወጡ ምእመናን፣ ልጅ ስላገኙ፣ ከሕመም ስለዳኑ ወይም ትዕቢታቸውን ከላያቸው ለማራገፍ ሲሉ ራሳቸውን ሙሉ በሙሉ ይላጫሉ። ካልያናካታ በሚባለው የመላጫ ሕንፃ ውስጥ ብዙ መቶ ላጮች በፈረቃ የሚሠሩ ሲሆን፣ በቀን የሚላጨው ሰው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ፀጉሩ በርዝመት ተለይቶ በቤተ መቅደሱ አስተዳደር አማካይነት በኢንተርኔት ጨረታ ይሸጣል፤ ገቢው በአንዳንድ ዓመታት ከ1 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ደርሷል። ስለቱን የሰጠችው ሴት ከዚህ ምንም አትቀበልም። ገንዘቡ ቤተ መቅደሱ ለሚያካሂዳቸው ሥራዎች፣ ለምእመናን ነፃ ምግብና ለሕክምና ጭምር ይውላል። የወንዶችና የሕፃናት አጭር ፀጉር ለቅጥያ አይሆንም፤ ለሌላ ኢንዱስትሪ ይሄዳል።

የዚህ ፀጉር ጥቅም በአጉሊ መነጽር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ የፀጉር ዘንግ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ጥቃቅን ሽፋኖች የተለበሰ ነው፤ ሽፋኖቹም ሁልጊዜ ከሥር ወደ ጫፍ ያመለክታሉ። የምትላጭ ሴት ረጅም ፀጉር አስቀድሞ ስለሚታሰር፣ ከተላጨ በኋላም ሥሩ ከሥር፣ ጫፉ ከጫፍ ጋር እንደሆነ ይቆያል። በንግዱ ዓለም «ሬሚ» የሚባለው ይህ ነው። ሽፋኖቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚተኙ ፀጉሩ እርስ በርሱ አይያያዝም፤ በደንብ ከተያዘ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። አብዛኛው ከገጠር ሴቶች የሚገኝ፣ ከኮኮናት ዘይት በስተቀር ኬሚካል ያልነካው ፀጉር ነው። ከቻይና ፀጉር ይልቅ ቀጠን ያለና ሞገድ ያለው በመሆኑ፣ በእኔ ግምት የፊቷን ፀጉር አውጥታ ከቅጥያው ጋር ለምታዋህድ ሴት የተሻለው ይኸው ነው።

በምላጩ ፀጉር ላይ የሚነሣው ጥያቄ የሃይማኖት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የኢየሩሳሌሙ ራቢ (የአይሁድ ሃይማኖት መምህር) ዮሴፍ ሻሎም ኤልያሺቭ ከሕንድ ቤተ መቅደስ የሚመጣ ፀጉር ለጣዖት ከቀረበ መባ ይቆጠራል ብለው ከወሰኑ በኋላ፣ በእስራኤልና በኒውዮርክ ብሩክሊን ያሉ፣ ፀጉራቸውን በዊግ የሚሸፍኑ ጥብቅ ሃይማኖተኛ አይሁዳውያን ሴቶች ውድ ዊጎቻቸውን በየአደባባዩ አቃጥለዋል። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ማኅበረሰብ የሚሠሩ ዊጎች ምንጫቸው ተጣርቶ፣ የራቢ ማረጋገጫ ይዘው ይሸጣሉ። በእስራኤል የምትኖር አንባቢ ይህን ማረጋገጫ በቀላሉ ታገኛለች። ነገሩ የሚከነክናት ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ገዢ ግን ቀጥሎ የተገለጸውን ፀጉር መፈለግ ይኖርባታል።

በመቀስ የሚወርደው ፀጉር የሚገዛው ከባለቤቱ ነው። በቬትናም፣ በካምቦዲያና በቻይና ገጠሮች ፀጉር ገዢዎች በሞተር ብስክሌት በየመንደሩ እየዞሩ ጉንጉኑን መዝነው ወይም ለክተው ይገዛሉ። ከአንድ ራስ ተቆርጦ እንደታሰረ የሚመጣው ፀጉር ቀለሙም ውፍረቱም አንድ ዓይነት ነው። ቀለምና ኬሚካል ካልነካው «ቨርጂን» ይባላል፤ ዋጋውም ከሁሉም ይበልጣል። ለምን እንደሚበልጥ ማስላት አያስቸግርም። የሰው ፀጉር በወር ከ1 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሚያድግ፣ 26 ኢንች ወይም 66 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፀጉር ለመብቀል ከአራት ዓመት በላይ ይፈልጋል። ይህን ያህል የጠበቀችው ሴት የምታገኘው ገንዘብ በመጨረሻው ዋጋ ሲመዘን እጅግ ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የምትሸጠው ሲቸግራት ነው። ቢያንስ ግን ለምን እንደሚውል ታውቃለች፤ ክፍያም ትቀበላለች።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙሉ ራስ ለማሰፋት ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 100 ግራም የሚመዝኑ ሦስት ባንድሎች (የፀጉር እስሮች) ያስፈልጋሉ። ከዚያ ላይ አጫጭሩ ዘንግ ተለቅሞ ሲወጣ 300 ግራም ረጅም ፀጉር የሚሰጥ አንድ ራስ ማግኘት የማይታሰብ ያህል ነው። ሦስቱም ባንድሎች «ከአንዲት ሴት የተገኙ ናቸው» የሚል ሻጭ ከገጠመዎት ስለ ሌላው ቃሉም ይጠራጠሩ።

በማበጠሪያ የሚወርደው ፀጉር ደግሞ በብዛትም በርካሽነትም ቀዳሚው ነው። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆን የፀጉር ዘንግ ይረግፍበታል። በሕንድ መንደሮች ሴቶች በማበጠሪያ ላይ የቀረውን እያጠራቀሙ፣ ቤት ለቤት ለሚዞር ነጋዴ በትንሽ ገንዘብ ወይም በቤት ዕቃ ይለውጡታል። የተድቦለቦለው ፀጉር በባንግላዴሽና በምያንማር፣ በተለይም ፕያውብዌ በምትባለው የምያንማር ከተማ፣ መሬት ላይ በተቀመጡ ሴቶች ጣት ዘንግ በዘንግ ይፈታል። ከዚያም ወደ ቻይና፣ የፀጉር ንግድ መናኸሪያ ወደሆነችው የሄናን ግዛት ከተማ ሹቻንግ ይሄዳል። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ጥሬ ፀጉር ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ የከለከለው፣ ዕቃው በኮንትሮባንድና ከዋጋው በታች እየተመዘገበ ስለሚወጣ የአገሬው አምራቾች ሥራ አጣን ብለው በማመልከታቸው ነበር።

ይህ ፀጉር የብዙ ሺህ ሰዎች ስለሆነ ሥሩና ጫፉ ተደበላልቋል፤ ሽፋኖቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚፋተጉም እንዳለ ቢሰፋ በቀናት ውስጥ ይቋጠራል። ፋብሪካው ችግሩን የሚፈታው ፀጉሩን በአሲድ ነክሮ ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ በመላጥ፣ ጥቁር በመቀባትና በሲሊኮን በመለበጥ ነው። በሱቁ መብራት ሥር ከምላጩና ከመቀሱ ፀጉር ይልቅ የሚያብረቀርቀውና የሚንሸራተተው ይኸው ነው። ሲሊኮኑ ግን በጥቂት እጥበት ይለቃል፤ ከሥሩ የሚወጣውም ደረቅ፣ ብርሃን የማይመልስ፣ አንገት አካባቢ የሚተበተብ ፀጉር ነው። ጥፋቱ ይህ ፀጉር መሸጡ አይደለም፤ በሬሚ ስምና በሬሚ ዋጋ መሸጡ ነው።

ከሦስቱ ሌላ ምንም ዋጋ ቢረክስ ሊገዛ የማይገባው አለ። የአሜሪካ ጉምሩክ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2020 ከቻይናዋ ሺንጂያንግ የመጣ፣ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ 13 ቶን ያህል የፀጉር ምርት በኒውዮርክና ኒውዋርክ ወደብ ይዟል፤ ምክንያቱም በግዳጅ ሥራ ተመርቷል የሚል ጥርጣሬ ነበር። ከሰኔ 2022 ጀምሮ ደግሞ አስመጪው ተቃራኒውን ካላረጋገጠ በስተቀር ከዚያ አካባቢ የሚመጣ ማንኛውም ምርት በግዳጅ ሥራ እንደተመረተ የሚቆጥር ሕግ በአሜሪካ በሥራ ላይ ውሏል። ማሸጊያው «ብራዚል» ሲል የሚሸፍነው ምን እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በሱቅ ውስጥ ብዙዎች የሚያደርጉት ሙከራ ዘንግ ነቅሎ ማቃጠል ነው። የሰው ፀጉር እንደተቃጠለ ላባ ይሸታል፣ ወደ ዐመድነትም ይለወጣል፤ አርቴፊሻሉ ቀልጦ ጠንካራ ጉብታ ይሠራል። ሙከራው ሰው ሠራሹን ያጋልጣል እንጂ የማበጠሪያውን ፀጉር ከሬሚ አይለይም፤ ሁለቱም የሰው ፀጉር ናቸውና። ለዚህ የሚሻለው ጥቂት ዘንጎች ይዞ በጣት ከጫፍ ወደ ሥር መሳብ ነው፤ ሽፋኑ ያለው ፀጉር ሻከር ይላል፣ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል የሚንሸራተተው ግን ተልጧል ወይም ተለብጧል። ናሙና ወስዶ በሙቅ ውሃና በሻምፑ ሦስት አራት ጊዜ አጥቦ ያለ ዘይት ማድረቅ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ይናገራል።

ቅጥያውን እየፈታች ደጋግማ የምታሰፋ ወይም ቀለሙን ለማቅላት የምታስብ ሴት የምላጩን ወይም የመቀሱን ፀጉር ብትገዛ ይሻላታል፤ የተላጠ ፀጉር ማቅለሚያ ሲነካው ይሰባበራል። ለሠርግ ወይም ለአንድ ሁለት ወር ብቻ የሚፈለግ ከሆነ የማበጠሪያው ፀጉር በራሱ ዋጋ እስከተሸጠ ድረስ ያገለግላል፤ ለጥቂት ቀናት ከሆነ አርቴፊሻሉም አያንስም። በጀቱ ሳይበቃ ሲቀር ብዙዎች ርዝመቱን ጠብቀው ጥራቱን ይቀንሳሉ፤ እኔ ግን ለ24 ኢንች የማበጠሪያ ፀጉር በሚወጣው ገንዘብ 14 ኢንች ሬሚ እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ረጅሙ በሁለተኛው ወር ተቋጥሮ ሲጣል አጭሩ ገና እየታጠበ ይሰፋልና።